ለተጠቃሚ ቁጥር 7 የተጻፈ መመሪያ

4.

ሶኬቱን በምንም ዓይነት እንዳትነቅዪው።


1.

ከአራት የጀመርኩት ቁጥር ጠፍቶብኝ አይደለም። እናቴ ከጻፍኩላት አሥር መመሪያ ውስጥ በቃሏ የያዘችው አራተኛውን ብቻ ስለሆነ ነው። ዘጠኙን አልያዘችም፤ አልፈርድባትም። የጻፍኳቸው እሷ እንድትረዳቸው ሳይሆን አለቃዬ እንዲያጸድቃቸው ነበር።

እስከዳር እባላለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ የሶፍትዌር ድርጅት እሠራለሁ። የምንሠራው ነገር ሲያወሩት ቀላል ነው። ሰው በስልኩ ዘፈን ይመርጣል፤ ዘፈኑ በኢንተርኔት ይመጣል፤ ሳሎን ከተቀመጠው ስፒከር ይወጣል። የኔ ድርሻ ይህን “ለተራ ሰው የሚቀል” ማድረግ ነው። ተራ ሰው የሚባለውን ግን ከእናቴ በቀር በቅርብ የማውቀው አልነበረም።

እናንተ የምታነቡት ሰዎች፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ። ይህን የምጽፈው አንድ ነገር ማስረዳት አቅቶኝ ነው። ልጇን ለቀበረች ሴት፣ ዘፈን እንዴት ከአገር አገር እንደሚሄድ ማስረዳት አለብኝ። ካልገባት እናቴ ቀባሪ የላትም።

እያጋነንኩ አይደለም።


2.

የሙከራ ቅጽ

ተጠቃሚ ቁጥር፦ 7
ስም፦ (አይጻፍም)
ዕድሜ፦ 68
አድራሻ፦ ደብረ ብርሃን፣ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ወረድ ብሎ
የትምህርት ደረጃ፦ መሠረተ ትምህርት
ከሞካሪዋ ጋር ያላት ግንኙነት፦ እናቴ
ዘፈን ለማስጀመር የወሰደባት ጊዜ፦ 9 ደቂቃ
ዘፈን ለማቆም የወሰደባት ጊዜ፦ —
የተጠቃሚዋ አስተያየት፣ በራሷ አነጋገር፦ “ጥሩ ነው። ዝም በል ሲሉት የማይሰማ ነገር ግን ቤቴ አላስገባም ነበር። አንቺ ስላመጣሽው ነው።”
ሞካሪዋ የወሰደችው እርምጃ፦

ምንም።


3.

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላሉ። እናቴ ሬዲዮ ነበራት። የአባቴ ሬዲዮ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ይናገራል፣ ወደ ግራ ሲያዞሩት ቀጭ ብሎ ዝም ይላል። ሠላሳ ዓመት ሲያገለግል አንድም ቀን መመሪያ ጻፉልኝ አላለም።

“እማዬ፣ ይሄ እኮ ጊዜው አልፎበታል” ያልኳት እኔ ነኝ። ስፒከሩን ከአዲስ አበባ ተሸክሜ ወስጄ፣ ዋይፋይ አስገብቼ፣ ቅዳሜን ሙሉ ስታገል ዋልኩ። ልጨርስ ስል እናቴ ካውያ ልትሰካ ብላ ሶኬቱን ነቀለችው፤ ስፒከሩ ሁሉንም ረሳው። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደገና ከዜሮ ጀመርኩ። ተናድጄ ነበር። አራተኛዋን መመሪያ በቀይ እስክሪብቶ በትልቁ ጻፍኩና ግድግዳው ላይ ለጠፍኳት።

“መብራት ሲሄድስ?” አለችኝ።

“ያኔ ደውዪልኝ” አልኳት።

የለጠፍኩበት ግድግዳ ከእትዬ በለጥሻቸው ቤት ጋር የምንጋራው ነው። የጭቃ ግድግዳ ነው፤ እናቴ ስታስነጥስ “ይማርሽ” የምትላት እትዬ በለጥሻቸው ከዚያ ማዶ ናት። እኔን በጀርባዋ አዝላ አሳድጋኛለች። ልጇን ሳምሶንን ደግሞ እናቴ አዝላዋለች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለነሱ ሲያንስባቸው ነው።

ታዲያ አምና ክረምት በዝናብ ውሃ መውረጃ ተጣሉ። ቦዩ ወደኔ ዞረ፣ ቦዩ ወደኔ ዞረ ሲባባሉ አሥር ወር ተኮራረፉ። ከግድግዳው ማዶ “ይማርሽ” ጠፋ። የታረቁት ሳምሶን ኩላሊቱን ታሞ ሲተኛ ነው፤ የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ሸዋንግዛው አስታረቋቸው። በታረቁ በሦስተኛው ሳምንት ሳምሶን ሞተ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር።


4.

(አንድ ጊዜ ተጽፏል። ይበቃል።)


5.

ከስልኩ ገጽ ላይ፣ ለተራ ሰው እንዲቀል ብዬ በገዛ እጄ ያነሳኋቸው ነገሮች

“የትኛው ስፒከር ይጫወት?” የሚለው ጥያቄ። መጨረሻ የተጠቀሙበትን ራሱ ያስታውሳል።

“ሌላ ዘፈን ይቀጥል?” የሚለው ጥያቄ። ሳይጠይቅ ይቀጥላል።

“አቁም” የሚለው ቃል። በአንዲት የምስር ፍሬ በምታህል ምልክት ተተካ።

ሦስት ንክኪ የነበረው አንድ ንክኪ ሆነ። ያን ቀን ቢሮው ውስጥ ኬክ ተቆረሰልኝ። ክሬም በዝቶበት ነበር፤ እስከ ማታ አቃጠለኝ።


6.

አዲስ አበባ፣ ከቀኑ 8፡14

የስብሰባው ክፍል ሙሉ ነው። አብረውን ሊሠሩ የሚያስቡ እንግዶች መጥተዋል። አለቃዬ ኤርሚያስ “እስከዳር፣ በአንድ ንክኪ አሳዪያቸው” ይለኛል። ጠዋት እናቴ ሦስት ጊዜ ደውላልኝ ነበር። “ስብሰባ ላይ ነኝ፣ እደውላለሁ” የሚል መልእክት ላኩላትና ስልኩን ከድምፅ አጠፋሁት። እንግዶቹ ሞቅ ይበላቸው ብዬ የሰርግ ዘፈን መረጥኩ። ነካሁት።

ደብረ ብርሃን፣ ከቀኑ 8፡14

የሳምሶን አስከሬን ከቤት እየወጣ ነው። እናቴ እትዬ በለጥሻቸውን ደግፋ ግቢው ውስጥ ቆማለች። የኛ ቤት ተቆልፏል፤ ቁልፉ በእናቴ መቀነት ተቋጥሯል። ከተቆለፈው ቤት ውስጥ

እልልታ።

አዲስ አበባ፣ ከቀኑ 8፡15

ክፍሉ ውስጥ ምንም አይሰማም። ድምፁን ጨመርኩ። አሁንም የለም። ኤርሚያስ ጉሮሮውን ጠረገ። እስከ መጨረሻው ጨመርኩት።

ደብረ ብርሃን፣ ከቀኑ 8፡15

ከበሮ። ጭብጨባ። ሙሽራ የሚያወድስ የወንዶች ድምፅ። አስከሬኑን የተሸከሙት ሰዎች ቆሙ። ሰው ሁሉ ወደኛ በር ዞረ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ።

አዲስ አበባ፣ ከቀኑ 8፡17

“ኢንተርኔቱ ነው” አልኩ። ሁልጊዜ የምንለው ነው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ገመድ ፍለጋ ወጣሁ።

ደብረ ብርሃን፣ ከቀኑ 8፡18

የመጀመሪያው ዘፈን አልቆ ሁለተኛው ገባ። ሳይጠይቅ። እናቴ ከመቀነቷ የፈታችው ቁልፍ አልገባ ብሏታል። በመጨረሻ ከፈተች። “ዝም በል” አለችው። ለመነችው። ጮኸችበት። ቀና ስትል በቀይ የተጻፈውን አየች። መሠረተ ትምህርት ተምራ ማንበብ የቻለች ሴት ናት፤ የተጻፈ ነገር ታከብራለች፤ ያውም ልጇ የጻፈችውን።

ሶኬቱን አልነቀለችም።

አባቴ ጡረታ ሲወጣ ከፋብሪካው የሰጡትን ብርድ ልብስ አውርዳ ጠቀለለችው። ሁለተኛ ደረበችበት። ሦስተኛ። አልበቃ ሲላት ላዩ ላይ ተኛችበት።

ደብረ ብርሃን፣ ከቀኑ 8፡22

ሦስተኛው ዘፈን ገባ።

አዲስ አበባ፣ ከቀኑ 8፡25

ገመዱ ተገኘ። ስልኬን አንስቼ ያቺን የምስር ፍሬ ነካኋት። ዘፈኑን በገመድ አስጀመርኩት። ክፍሉ ውስጥ ያለው ስፒከር ዘፈነ።

እንግዶቹ አጨበጨቡ።


7.

እናቴ ብርድ ልብሱ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ በተከፈተው በር ያዩዋት ሰዎች ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይተው “ስትስቅ ነበር” ብለዋል።

ከዚህ በታች የጻፍኩትን ሦስት ጊዜ አጠፋሁት።





8.

የስልክ ንግግር፣ በዚያው ቀን፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

እናቴ፦ ጠዋት ደውዬልሽ ነበር።

እኔ፦ ስብሰባ ላይ ሆኜ ነው እማዬ። ምን ሆነሻል? ድምፅሽ ልክ አይደለም።

እናቴ፦ ሳምሶን አረፈ።

እኔ፦ ውይ! ውይ እማዬ! መቼ?

እናቴ፦ ሌሊት ነው። ዛሬ ተቀበረ። እኔንም አብረው ቢቀብሩኝ ይሻል ነበር።

እኔ፦ ምን ማለት ነው?

እናቴ፦ ጠዋት ወደ ለቅሶው ልሄድ ስል ያን ዕቃሽን አቧራውን ጠረግኩት። እርጥብ ጨርቅ ነው። ምኑን እንደነካሁት እንጃ። ልክ አስከሬን ሲወጣ ጠብቆ ዘፈነ።

እኔ፦ ዘፈነ?

እናቴ፦ በእልልታ ነዋ፣ እስኩዬ። አገር ሰማው። “የጠላቷ ልጅ እስኪሞት ስትጠብቅ ኖራ ነው፣ እርቁም የውሸት ነበር” እየተባልኩ ነው።

እኔ፦ በስንት ሰዓት ነው?

እናቴ፦ ሰዓቱ ምን ያደርግልሻል?


9.

የማጫወቻ መዝገብ

8፡14 — ተጀመረ። አስጀማሪ፦ የእስከዳር ስልክ። ስፒከር፦ እማዬ ቤት።
8፡15 — ድምፅ 70
8፡15 — ድምፅ 100
8፡18 — ቀጣይ ዘፈን (በራሱ)
8፡22 — ቀጣይ ዘፈን (በራሱ)
8፡25 — ቆመ። አቋሚ፦ የእስከዳር ስልክ።

ከቀብሩ ሁለት ቀን በፊት እሑድ ነበር። ከአዲስ አበባ ሆኜ ለእናቴ መዝሙር አጫውቼላት ነበር፤ ደውላ መርቃኛለች። ስለዚህ መጨረሻ የተጠቀምኩበት ስፒከር የሷ ነው። ስልኬ አስታወሰው። የታዘዘውን ነው ያደረገው፤ ያዘዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ጨርቋ አይደለም።

እኔ ነኝ።


10.

ለእናቴ ሳልነግራት ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። ምክንያት አለኝ ብዬ አላሳምናችሁም፤ ፈሪ ነኝ። በየቀኑ እደውላለሁ፣ በየቀኑ “ጨርቄ ነው” ትለኛለች፣ በየቀኑ “አይዞሽ” እላታለሁ። አይዞሽ የምትባል ቃል እንዲህ ስትቀል አይቼ አላውቅም።

በሁለተኛው ቀን ለለቅሶ ቤት ብላ የሠራችው ምስር ወጥና እንጀራ ሳይከፈት ተመለሰ። መሶቡን ያመጣችው ሴት ደጃፍ ላይ አስቀምጣው ሄደች፤ ደህና ዋይ እንኳ አላለቻትም። በሦስተኛው ቀን ሠልስቱ ላይ እናቴ የተቀመጠችበት አግዳሚ ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም። በሰባተኛው ቀን ከእድሩ ሰው መጥቶ “ጉዳይሽ ይታያል” አላት። በስምንተኛው ቀን ደውላ እንዲህ አለችኝ፦

“ሞት አልፈራም እስኩዬ። ማን ያነሳኛል? አንቺ ብቻሽን ተሸክመሽ አትወስጂኝ።”

በአምስተኛው ቀን ለኤርሚያስ ነግሬው ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፊቱ ጠቆረ።

“በጣም ያሳዝናል” አለ። “ግን እስከዳር፣ ይሄ ከሺህ ሰው አንዱ ላይ የሚደርስ ነገር ነው።”

“አንዷ እናቴ ናት።”

“ገብቶኛል። ‘ለቅሶ አለ’ የምትል ቁልፍ ብንጨምርስ? ሰውየው ሲነካት ሁሉም ጸጥ ይላል። እንዲያውም ጥሩ ሐሳብ ነው።”

ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው። ሰው ልጁ ሞቶበት ስልክ አውጥቶ “ለቅሶ አለ” የሚለውን ሲነካ ታየኝ፤ ከክፍሉ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።


11.

እንዴት ታስረጃለሽ? (አውቶቡስ ውስጥ ለራሴ የጻፍኩት መመሪያ)

ሀ. “ኢንተርኔት” አትበዪ።

ለ. በሬዲዮ ጀምሪ። ጣቢያው አዲስ አበባ ሆኖ ደብረ ብርሃን ይሰማ የለም? በዪ።
(ተሰርዟል። “ሬዲዮ በየቤቱ ነው የሚሰማው፤ ምነው እናትሽ ትርንጎ ቤት ብቻ ዘፈነ?” ይሉሻል።)

ሐ. በስልክ ሞክሪ። እኔ እዚያ ሆኜ ስናገር እናቴ እዚህ ትሰማኛለች፤ እንደዚያ ነው በዪ።
(ተሰርዟል። “ስልክ ካላነሱት አይናገርም፤ ማን አነሳው?” ይሉሻል። እውነታቸውን ነው። ሳይነሳ እንዲናገር ያደረጋችሁት አንቺና ቢሮሽ ናችሁ።)

መ. “ገባችሁ?” ብለሽ አትጠይቂ። አልገባኝም የሚል ሰው የለም። በሦስት ዓመት ሥራ የተማርሽው ቁም ነገር ይህ ብቻ ነው።

ሠ. አልቅሺ።
(ተሰርዟል። ለቅሶው የእትዬ በለጥሻቸው ነው።)


12.

በአሥረኛው ቀን ደረስኩ። እናቴ ከስታለች። በሩን ስገባ ብርድ ልብሶቹ እንደተጠቀለሉ ናቸው፤ ከውስጣቸው ገመድ ወጥቶ ሶኬቱ ላይ ተሰክቷል። አሥር ቀን ሙሉ።

“እማዬ፣ ጨርቅሽ አይደለም። እኔ ነኝ።”

“እሺ።”

“እውነቴን ነው። አዲስ አበባ ሆኜ ስነካው እዚህ ዘፈነ።”

“እሺ አልኩሽ እኮ። ይልቅ ለሰው እንዳትናገሪው።”

“ለምን?”

“እኔ አሮጊት ነኝ። ነካካችው ቢሉኝ ያምርብኛል። አንቺ ተምረሻል። የተማረ ሰው ሲያጠፋ አውቆ ነው ይላሉ።”

አምናኝ ይሁን አታላኝ ይሁን አላውቅም። ጠየቅኳት፤ ጠረጴዛውን መጥረግ ጀመረች። ስፒከሩ ያለበትን ጥግ ግን ዘላ አለፈችው።


13.

የእድሩ ስብሰባ፣ ከቤታችን አጠገብ፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ (እንደማስታውሰው)

ጋሽ ሸዋንግዛው፦ ተናገሪ፣ ልጄ።

እኔ፦ ዘፈኑን ያስጀመርኩት እኔ ነኝ። እናቴ የለችበትም። አዲስ አበባ ሆኜ፣ በስልኬ ነው።

ጋሽ ሸዋንግዛው፦ ቤቱ ተቆልፎ ነበር።

እኔ፦ አዎ።

ጋሽ ሸዋንግዛው፦ አንቺም አዲስ አበባ ነበርሽ።

እኔ፦ አዎ።

አንዲት ሴት፣ ከኋላ፦ ለእናቷ ብላ ነው፣ ተዉአት። እኔም ለእናቴ እዋሻለሁ።

እኔ፦ መዝገቡ ይኸው፣ ይዩት። ሰዓቱ ተጽፏል።

ጋሽ ሸዋንግዛው፦ ማን ነው የጻፈው?

እኔ፦ ራሱ ነው የሚጽፈው።

ጋሽ ሸዋንግዛው፦ እሱንስ ማን ሠራው?

እኔ፦ እኛ።

(እትዬ በለጥሻቸው ፊት ለፊት፣ ጥቁር ለብሳ፣ መሬት መሬት እያየች ተቀምጣለች።)

ጋሽ ሸዋንግዛው፦ ልጄ፣ እኔ ልወቅስሽ አልፈልግም። ትችያለሽ ካልሽ አሳዪን። አንቺ እዚህ ተቀመጪ፤ ቤታችሁ ይዝፈን። ከሰማን እናምናለን፤ እናትሽም ነፃ ናት።

እናንተ ብትሆኑስ? ስልኩ እጄ ላይ ነው። ስፒከሩ ተሰክቷል። አንድ ንክኪ ነው። ላረጋግጥ ካልኩ ግን፣ አርባው ሳይወጣ፣ ከለቅሶ ቤቱ ጋር በሚጋራ ግድግዳ ሁለተኛ ማዘፈን አለብኝ። ንጹሕነቷን የማሳይበት ብቸኛ መንገድ ያንኑ በደል መድገም ነው። እውነቱን ልናገር፣ አውራ ጣቴ ሄዶ ነበር።

እናቴ፦ (ብድግ ብላ) ተዪ! ሁለተኛ አይዘፈንባትም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የፈለጋችሁትን ፍረዱብኝ።

ጋሽ ሸዋንግዛው፦ ትርንጎ፣ ቁጭ በዪ።

እናቴ፦ አልቀመጥም። ልጄ አትዋሽ፤ እኔም አልዋሽ። እጄ ነካው።

ጋሽ ሸዋንግዛው፦ እንግዲህ ባለሀዘኗ ታውቃለች። በለጥሻቸው ይቅር ካለች እኛ ማን ነን? ካላለች ግን የትርንጎ ስም ከመዝገብ ይወጣል። ሕጋችን ነው።

(እትዬ በለጥሻቸው ተነሥታ ወጣች።)


14.

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። እትዬ በለጥሻቸው ነበረች። እናቴ ጓዳ ናት። እትዬ ሰላም ሳትለኝ ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠች፤ በገዛ ቤቴም “ቁጭ በዪ” አለችኝ።

“እዚያ ሰው በዝቶ አልሰማሁሽም። እንደ ሕፃን አስረጂኝ።”

የጻፍኩትን ወረቀት አላወጣሁም። ሬዲዮ አላልኩም፣ ስልክ አላልኩም። የጠየቀችኝን ብቻ መለስኩ።

“ዘፈኑ ያለው የት ነው?”

“እዚህ ቤት የለም። ስልኬም ውስጥ የለም። ሲጠሩት ነው የሚመጣው።”

“የሚጠራውስ ሰው እዚህ መኖር የለበትም?”

“የለበትም።”

“ሩቅ ቢሆንስ?”

“ርቀት አያግደውም እትዬ።”

“በር ቢቆለፍ?”

“ቢቆለፍም ይገባል።”

“እንግዲያ ሰውየው መምጣት ባይችል እንኳ፣ ዘፈኑን መላክ ይችላል።”

“ይችላል። አዎ፣ እንደሱ ነው!”

ገባት። ፊቷ ላይ አየሁት፤ ግንባሯ ፈታ አለ፣ ዓይኖቿ ተከፈቱ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰዎችን ወንበር ላይ እያስቀመጥኩ፣ ሰዓት እየያዝኩ የጠበቅኩት ፊት ነው፤ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም ነበር። ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በሀዘንተኛ ፊት ደስ አለኝ።

“ትርንጎ አታደርገውም” አለች። “ስንኳረፍ እንኳ እንደማታደርገው አውቅ ነበር። ሰው ሲያወራባት ጊዜ ነው ልቤ የተከፈለ።”

“እኔ ነኝ እያልኩሽ ነው እትዬ። በኔ እጅ…”

“አንቺም አታደርጊውም። በጀርባዬ ያዘልኩሽ ልጅ፣ በሳምሶኔ አስከሬን ላይ እልል አትዪም።”

“ሳላውቅ ነው። ተሳስቼ ነው።”

“ቆይ፣ ስሚኝ።” እጄን ያዘችኝ፤ እጇ ቀዝቃዛ ነው። “ጥር ላይ ልድረው ነበር እኮ። ሽማግሌ ልከን ጨርሰን ነበር። ያኔ ከእናትሽ ጋር ስላልተነጋገርን አልነገርኳትም፤ ኋላ ደግሞ ታመመና ምን ብዬ ልንገራት? አልጋ ላይ ሆኖ ‘እማ፣ ሳልሞሸር አልሄድም፣ አይዞሽ’ ይለኝ ነበር። እኔም አላምነው። የኔ ልጅ ግን ዋሽቶኝ አያውቅም።”

ወደ ደጁ አመለከተችኝ።

“ልክ ከደጅ ሲወጣ ነው የዘፈነው። ቀድሞ አይደለም፣ ዘግይቶ አይደለም። ልክ ሲወጣ። የሙሽራ ዘፈን።”

እናቴ ከጓዳ ወጥታ በሩን ተደግፋ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። እኔን አየችኝ፤ ምን በዪ እንደምትለኝ ከፊቷ ማንበብ አልቻልኩም።

እትዬ በለጥሻቸው እጄን ጠበቅ አደረገችው። ልጇ ከሞተ ጀምሮ ፈገግ ስትል ያየኋት ያኔ ነው።

“የትም ያለ ሰው ይችላል አልሽኝ። መምጣት ያልቻለም ይችላል አልሽኝ። እሱ ነው አይደል፣ እስኩዬ? ሳምሶኔ ነው የላከልኝ?”


15.

እኔ፦